መንገድ የተዘጋበት ተማሪ



በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሐምዳይት በኩል ተከዜን ስሻገር በደረት ኪሴ አንድ ደብዳቤ ነበረኝ። ለአንድ መንፈቅ ዓመት ስዊድን ሄጄ በልውውጥ እንድማር መመረጤን የሚገልጽ ነበር። ቀለሙን ውሃው አጠበው። እዚህ ኡም ራኩባ ከገባሁ በኋላም «የእኔ ነገር አለቀለት» እያልሁ ከሰው ርቄ ከረምሁ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ ነው። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ይህ የኦሮሞ ልጅ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ወደ ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ወደ ወገኖቹ ለመግባት የተነሣው በዚሁ በሱዳን በኩል ነበር። ከእኛ በስተደቡብ፣ በአባይ ዳር ካለችው ፋማካ ሲደርስ ግን መንገዱ ተዘጋበት፤ በትኩሳት ታሞ ወደ ካርቱም ተመለሰ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው።

እስከዚያ ድረስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ሆኖ፣ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎችም ጋር እየሠራ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሙሉው በ1899 ታተመ።

ይህን ሳስብ በራሴ አፈርሁ። አሁን ማታ ማታ ለሰባት ልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ። በቀደም አንዲቱ፣ «ጋሼ፣ ያ ደብዳቤ እንደገና ቢመጣ ትሄዳለህ?» አለችኝ። ልዋሻት አልፈለግሁም፤ «እሄዳለሁ» አልኋት። አንገቷን ደፋች። «እስኪመጣ ግን ክፍልፋይን እንጨርሳለን» አልሁና ቀጠልን።

ከእናንተም መካከል ትምህርቱ የተቋረጠበት ብዙ ነው። የምታውቁትን ይዛችሁ ወደ ዳሱ ኑ። ሰሌዳ አለን፤ የጎደለን አስተማሪ ነው።