የካፒቴኑና የሹፌሩ ደሞዝ

«አውሮፕላኑን የሚያበረው ኮምፒውተሩ ነው፤ ታዲያ አብራሪው ያን ሁሉ ደሞዝ የሚበላው ለምንድን ነው?» ይህን ጥያቄ ቡና ላይም ቢሮ ውስጥም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። በተለይ የጎረቤት ልጅ ካፒቴን ሆኖ ቤት መሥራት ሲጀምር ይነሣል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግሯቸውም አላመኗቸውም። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ሲጠፉ ካፒቴኑ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ግን ተረፉ። ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ቀን አይወጣውም። ለአብራሪ የሚከፈለውም በዋናነት ምናልባት በሕይወቱ አንዴ ለሚመጣ፣ ምናልባትም ጨርሶ ለማይመጣ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ደሞዙ አይበዛበትም።

ነገር ግን ገበያው የሚከፍለው ለኃላፊነቱ ብቻ አይምሰላችሁ። የማርኬቲንግ ባለሙያ ስለሆንኩ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ማሰብ ለምዶብኛል። ደሞዝም ዋጋ ነው። አብራሪ ለማሠልጠን ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ካልተመቸው ደግሞ የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ይወስዱታል። የሚያስከብረው እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው።

መለኪያው ኃላፊነት ቢሆን ኖሮ የአገሬን የመካነ ሰላምን መንገድ የሚነዳው ሹፌር የት በደረሰ! ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደጋ፣ ጉም፣ ጠመዝማዛ ቁልቁለት። ከኋላው 60 ያህል ሰው ተቀምጧል። አንዱን ሹፌር ስለ ክፍያው ብጠይቀው «በምልልስ ነው፤ ካልነዳሁ የለም» አለኝ። እንዲህ የሚከፈለው ሰው ቢደክመውም ይነዳል፤ ጉሙ እስኪገልጥም ቆሞ አይጠብቅም።

አብራሪውን ተመልከቱ። የበረራ ሰዓቱ በሕግ የተገደበ ነው፤ በብዙ አገሮች በዓመት ከ1000 ሰዓት አያልፍም። በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሙሌተር ውስጥ ሞተር እየጠፋበት ይፈተናል። አጠገቡ ሌላ አብራሪ አለ። ሹፌሩ ግን ብቻውን ነው፤ ረዳቱ ሒሳብ ሰብሳቢ እንጂ መሪ ተቀባይ አይደለም።

በአየር መንገድም ቢሆን ክፍያ ሲያንስ ምን እንደሚከተል ታይቷል። በየካቲት 2001 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ከአብራሪዎቹ ስሕተት ጋር ድካማቸውንም አነሣ። ረዳት አብራሪዋ ደሞዟ ዝቅተኛ ነበር፤ ሥራዋ ላይ የደረሰችውም ሌሊቱን ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ ተጉዛ ነው። ከዚያ በኋላ አሜሪካ የአብራሪዎችን የዕረፍት ሕግ አጠበቀች።

እንግዲህ ጥያቄውን እንገልብጠው። የካፒቴኑ ደሞዝ ለምን በዛ ከማለት፣ የሹፌሩ ለምን በምልልስ ሆነ እንበል። ቋሚ ደሞዝ፣ የተወሰነ የመንጃ ሰዓት፣ ለረጅም መንገድ ሁለተኛ ሹፌር ቢኖር ትኬቱ መወደዱ አይቀርም። እኔ ልጆቼን ይዤ አገር ቤት ስሄድ ያንን ጭማሪ ሳላቅማማ እከፍላለሁ። እናንተስ?