ድር ቢያብር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ዘወትር ለመልካም ነገር ሲጠቀስ እንሰማለን። መንደርተኛ ተባብሮ ድልድይ ሲሠራ፣ ዕድርተኛ ተሰብስቦ ኀዘንተኛ ሲያጽናና ይነገራል። እኔ ግን የምሳሌውን ሌላ ፊት ያየሁት ከሀገሬ ርቄ፣ በካናዳና በአሜሪካ ወሰን ላይ በተዘረጋው በኦንታሪዮ ሐይቅ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በእጄ ይዤ ሳለሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኦንታሪዮ ሐይቅ ስፋቱ 19,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለት የጣናን ስድስት እጥፍ ይሆናል። ከቶሮንቶ ዳርቻ ቆሞ ለሚመለከተው እንግዳ ማዶው ስለማይታይ ባሕር ይመስለዋል። በዚያ ሐይቅ ላይ ሳልሞን የሚያጠምዱ ሰዎች ጀልባቸውን በዝግታ እየነዱ ከኋላዋ ረዣዥም ክሮች ይጎትታሉ፤ በክሩ ጫፍም እንደ ትንሽ ዓሣ የሚያብለጨልጭ ማባበያ ይታሰራል። ይህን ሙያ ያስተማሩኝ በጣና ዳርቻ ተወልደው በደንገል ታንኳ ላይ ያደጉ አንድ አዛውንት የሀገሬ ሰው ናቸው።

በአንድ የነሐሴ ቀን ማለዳ ዘንጌ በድንገት ጎበጠ። ዓሣው ከባድ እንደ ነበረ ክንዴ ነገረኝ። ደስ ብሎኝ ማጠንጠን ጀመርሁ። ዳሩ ግን ከጥልቁ የሚወጣውን ክር እንደ ረጠበ ጥጥ ያለ ዝልግልግ ነገር ወርሶት ነበርና፣ በዘንጉ ጫፍ ካለችው ቀለበት ሲደርስ ተሰነቀረ። ማጠንጠኛው አልዞር አለ። ዓሣው ይጎትታል፤ ክሩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይሄድም፤ በመጨረሻም ተበጠሰ።

«አይዞህ ልጄ፤ ያሸነፈህ ቁንጫው እንጂ ዓሣው አይደለም» አሉኝ አዛውንቱ።

ከዝልግልጉ ቆንጥረው በመዳፋቸው ላይ ዘረጉልኝ። ጠጋ ብዬ ብመለከት ጥጥ የመሰለኝ ሁሉ ነፍስ ያለው ፍጡር ነው፤ አንዱ ከነጭራው አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከአካሉ የሚረዝመው ጭራው እንደ መርፌ የቀጠነ፣ እሾህም ያለበት ነው። የውሃ ቁንጫ ይሉታል። ክሩ ውሃውን እየሰነጠቀ ሲያልፍ ቁንጫዎቹ በእሾሃቸው ይንጠለጠሉበታል፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተጠላለፈ ጥቂቱ እልፍ ይሆናል። አንበሳው ታሰረ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

እነዚህ ፍጥረታት የሐይቁ ተወላጆች አይደሉም። ባለ ረጅም እሾሁ ዓይነት በዚያ ሐይቅ የታየው በ1982 ነው፤ ጭራው እንደ መንጠቆ የተቆለመመው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በ1998 ተገኘ። የፊተኛው የአውሮፓና የእስያ ሰሜናዊ ውሃዎች፣ የኋለኛው የጥቁር ባሕርና የካስፒያን አካባቢ ተወላጅ ነው። የመጡትም መርከቦች ጭነት ሲያንሳቸው ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሆዳቸው በሚሞሉት ውሃ ውስጥ ነው። በ1959 የቅዱስ ሎውረንስ የመርከብ መንገድ ተከፍቶ ታላላቅ የውቅያኖስ መርከቦች ወደ ሐይቆቹ መግባት ሲችሉ፣ ሳይጠሩ ለሚመጡ እንግዶችም በሩ ሰፋ። በበጋ ሴቲቱ ያለ ወንድ ትራባለችና ጥቂቶች ለመብዛት ጊዜ አይፈጅባቸውም።

አዛውንቱ መላውን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ቀጭኑንና የተጎነጎነውን ክር ትቶ ወፍራም የናይሎን ክር መጠቀም ይበጃል፤ እሾሁ ወፍራሙን ክር አጥብቆ ሊይዘው አይችልምና። ክሩን ቶሎ ቶሎ እየሳቡ፣ ክምችቱ ቀለበቱ ዘንድ ሳይደርስ በእጅ መጥረግ ያስፈልጋል። ቁንጫው ከበረታም ቦታ መቀየር ነው። ወደብ ስንደርስ ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ይህ ሁሉ ለዓሣው ነው፤ ለውሃው የሚበጀው ሌላ ነው። ክርህን ሳታደርቅ ወደ ሌላ ሐይቅ እንዳትሄድ» አሉኝ። ቀጥለውም በ2011 በጣና ስለ ታየው እምቦጭ አነሡ። «የኛው እምቦጭ በዓይን ይታያል፤ ሕዝቡም ወገቡን ታጥቆ በእጁ ይነቅለዋል። ይህን ግን ማን ይነቅለዋል?»

እኔ የተበጠሰውን ዓሣ እያሰብሁ ምክራቸውን በግማሽ ጆሮዬ ሰማሁት።

በማግሥቱ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ዓሣ ላስጠምደው ቃል ገብቼለት ነበርና፣ ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ ሐይቅ ሄድን። ውሃው እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ልጄ ዘንጉን ከከረጢቱ አውጥቶ ሊወረውር ሲል ማጠንጠኛው ላይ ዓይኔ አረፈ። የትናንቱ ነጭ ዝልግልግ በክሩ መካከል እንደ ረጠበ ተቀምጧል።

እውነቱን ልናገር፤ ለአፍታ ዝም አልሁ። አንድ ቁንጥር ምን ያደርጋል? ማንስ ያየኛል? ብዬ አሰብሁ። ዳሩ ግን በዊስኮንሲን በሚገኘው በሜንዶታ ሐይቅ የሆነውን አንብቤ ነበር። ይኸው ቁንጫ በ2009 በዚያ ከተገኘ በኋላ፣ አረንጓዴውን የውሃ ሽበት እየበላ ውሃውን የሚያጠራውን ትንሹን ዘመዱን ስለ ጨረሰው፣ የሐይቁ ጥራት በአንድ ሜትር ያህል ቀነሰ። ጫጩት ዓሦችም እሾሁን መዋጥ ስለማይችሉ ምግባቸውን ይቀማቸዋል።

«ተው፤ አትወርውር» አልሁት።

ልጄ ምክንያቱን ከሰማ በኋላ እንባ አቅርሮ፣ «አባዬ፣ አንተ ትናንት አጥምደህ የለም? እኔ ለምን እከለከላለሁ?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ ጥፋቱ የእኔ፣ ቅጣቱ የእርሱ ሆኖ ነበርና። ያን ቀን ዓሣ ሳናጠምድ፣ ብዙም ሳንነጋገር ወደ ቤታችን ተመለስን።

ማታ ዘንጉንና ክሩን በፈላ ውሃ አጠብሁ፤ ክሩን ፈትቼም ከአምስት ቀን በላይ በፀሐይ አሰጣሁት፤ ሙቀትና ድርቀት ይገድላቸዋልና። የልጄን ቅሬታ ጊዜ ሽሮታል። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ስንት ጊዜ እርጥብ ክር ተሸክሜ ከውሃ ወደ ውሃ ዞሬ ይሆን?

ካናዳ በ2006፣ አሜሪካም በ2008 መርከቦች ባዶ የሚመስለውን ሆዳቸውን እንኳ ሳይቀር በውቅያኖስ ጨው ውሃ እንዲያጥቡ ደነገጉ፤ ከዚያ ወዲህም በመርከብ የሚገባው እንግዳ እጅግ ቀንሷል። የትንንሾቹ ሐይቆች ዘበኛ ግን ዘንግ ይዞ ወደ ዳር የሚጠጋው ሰው ራሱ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከልጄ ጋር ወደዚያው ሐይቅ ተመለስን። ዘንጉን ስሰጠው ወዲያው አልወረወረም። ክሩን በጣቶቹ መካከል ቀስ አድርጎ አሳለፈና፣ «ደርቋል» አለኝ። ከዚያም ወረወረ።