ሴባስቶፖልን የጎተተው ሰው መጽሐፍ የለውም

ዘንድሮ ክረምቱን ደብረ ታቦር ላይ ሆኜ ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ጎን ለጎን አነበብኩ። በአንድ በኩል ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፉ ልቦለዶቻችን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ንጉሡ ያሰሯቸውና በሥራ ያሰማሯቸው የውጭ ሰዎች የጻፏቸው ትዝታዎች ነበሩ። ዘመኑ አንድ ነው፤ አገሩም አንድ ነው፤ ጣና ዳር፣ ጋፋት፣ ደብረ ታቦር፣ ጋይንት። መጻሕፍቱን ከጨረስኩ ወዲህ ግን ከአእምሮዬ የማይወጣው በአንዱም ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነው።

ከልቦለዶቹ ልጀምር። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በ1958 ዓ.ም.፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» በ1961 ዓ.ም. ታተሙ። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከሽፎ፣ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» እያለ አደባባይ መውጣት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ለውጥ የናፈቀው ትውልድ የራሱን ምኞት የሚያይበት ንጉሥ ይፈልግ ነበርና ሁለቱ ደራሲዎች ያንን ንጉሥ ሰጡት። ብርሃኑ የጎንደር ልጅ፣ በሙያውም ጋዜጠኛ ነው፤ በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች እየገፋ ይወስድሃል። አቤ ሰፋ አድርጎ፣ ከስሜቱ ሳይሸሽ ይጽፋል። በሁለቱም ውስጥ ቴዎድሮስ ከዘመናቸው የቀደሙ፣ ሕልማቸውን የሚካፈላቸው ያጡ ሰው ሆነው ይታያሉ። አንብቤ ስጨርስ ልቤ ተሰብሮ ነበር። እነዚህን ልቦለዶች ያላነበበ የደብረ ታቦር ወጣት ካለ ዛሬውኑ ይጀምር እላለሁ።

ሆኖም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ለንጉሡ ብቸኝነት ስናለቅስ የበጌምድር ባላገር «ያልገባው ሕዝብ» ሆኖ ከኋላ ይቀራል። ለምን እንደሸፈተ፣ ለምን እህሉን እንደቀበረ፣ ለምን ወደ ገደል እንደሸሸ ከራሱ አፍ አንሰማም።

ከዚያ ወደ ትዝታዎቹ ዞርኩ። ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ የእስራቱን ታሪክ በፈረንጆች 1868፣ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም የራሱን በ1869 አሳተሙ። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነው፤ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ነነዌ ላይ በቁፋሮ ተሰማርቶ የጊልጋመሽ ታሪክ የተቀረጸባቸውን የሸክላ ጽላቶች ከአፈር ያወጣ ሰው ነው። ሁለቱ አብረው ተጉዘው አብረው ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ቆራጣንና ዘጌን አዩ፤ ኮሌራ በሠፈሩ ሲገባ ወደ ጋፋትና ደብረ ታቦር መጡ፤ ከዚያ ወደ መቅደላ ተጋዙ። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ንጉሦችን ጽፈውልናል። ብላንክ ጨካኙን ሰው ያሳያል። ንጉሡ ያከብሩት የነበረው ራሳም ደግሞ ቁጣቸውን ከደግነታቸው ጋር አስተሳስሮ ይተርካል። አንዱን ብቻ አንብቦ መፍረድ እንደማይገባ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው።

በጣም የወደድኩት ግን የቴዎፍሎስ ዋልድማየር ግለ ታሪክ ነው። የመጣው ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን ሲሆን ጋፋት ላይ ከሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ጋር ኖሯል። የንጉሡ ታማኝ የነበረውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ የሚስቱ እናት ኢትዮጵያዊት ናት። ከመቅደላ በኋላ ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤት፣ ኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በፈረንጆች 1886 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ጋፋት የሰው መኖሪያ ናት፤ ትዳር ያለባት፣ ልጅ የሚወለድባት፣ ጸሎትና ፍርሃት አብረው የሚያድሩባት። እንግዳ ሰው ስለ መንደሬ ጎረቤት ሆኖ ሲጽፍ ማንበብ ልብን ይነካል።

እነዚህ የውጭ ሰዎች ስለ ባላገሩ ሊጽፉ አልተነሡም፤ የሚጽፉት ስለ ራሳቸው ጭንቀት ነው። ሆኖም እግረ መንገዳቸውን የተቃጠለ መንደር፣ የተራቆተ ጎተራ፣ ከብቱን እየነዳ የሚሸሽ ገበሬ ያሳዩናል። 1860 ዓ.ም. እንደጠባ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ሰባት ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው መድፋቸው ሴባስቶፖል አብሮ ተነሣ። መንገድ አልነበረም፤ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል በሰው ጉልበት ስድስት ወር ገደማ ተጎትቶ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። ስለ ሞታቸው መደርደሪያ የሚሞላ ተጽፏል። ያንን ጠፍር ትከሻው ላይ ስላሳረፈው ሰው፣ ስንቁን ከየት እንዳመጣ፣ ቤቱ ሲመለስ ምን እንዳገኘ ግን እሱ ራሱ የተናገረው አንድም መጽሐፍ አላገኘሁም።

ይህ ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ያንኑ የጋይንት መንገድ ይዞ ነፋስ መውጫን ያዘ። የከተማዋ ሴቶች የደረሰባቸውን ግፍ ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናገሩ፤ በ2014 ዓ.ም. በዘገባ ወጣ። መነገሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ለተናገሩት ሴቶች ድፍረት ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። ዘገባ ግን የወንጀሉን ቀን ይመዘግባል እንጂ ከዚያ በፊት የነበረውን ኑሮና ከዚያ በኋላ የመጣውን ሌሊት ሁሉ አይዝም። የእኛን ሰው ሕመም ዛሬም በብዛት የሚጽፍልን ከውጭ የመጣ ነው፤ እኛ የነገሥታቱን እንጽፋለን።

ግለ ታሪክ ለታላላቆች ብቻ ነው የሚል ካለ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» ይክፈት። የታተመው ከሞታቸው ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። ሚኒስትርና ዲፕሎማት የነበሩ ሰው ናቸው፤ ለእኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥብኝ ገና ልጅ ሳሉ ከዘመቻው ጋር ዐድዋ መሄዳቸውን የሚተርኩበት ክፍል ነው። ጦርነትን ከጄኔራል ድንኳን ሳይሆን ከሕፃን ዓይን እናየዋለን። እንዲህ ያለ ዓይን በፋርጣም፣ በእስቴም፣ በእብናትም፣ በጉና ሥር ባሉ መንደሮችም ሞልቷል።

ስለዚህ መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልመናዬ ይኸውና። ተማሪዎቻችሁ ለአማርኛ ድርሰት «የክረምት አበባ» ብለው ከሚጽፉ ይልቅ አያቶቻቸውን ይጠይቁ፤ በ77 ድርቅ ምን በላችሁ፣ በዘመቻ ማን ወጥቶ ቀረ፣ መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የእናንተ ማሳ ምን ሆነ? የሰሙትን ያለ ማሳመር፣ በአያት አነጋገር ይጻፉት። ለመናገር ያልፈለገን አያስገድዱ፤ ስሜ አይጠቀስ ያለውንም ያክብሩለት። የዩኒቨርሲቲያችን ተመራማሪዎችም ደብተሮቹን ሰብስበው እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ።

ልቦለዱ ንጉሡን እንድንወድ አስተማረን፤ የእስረኞቹ ትዝታ ንጉሡን እንድንጠራጠር አስተማረን። ሦስተኛው መጽሐፍ ገና አልተጻፈም፤ ሊጽፉት የሚችሉት ሰዎች ግን ዛሬ በሕይወት አሉ። እናንተ ቤት ያለውን ታሪክ መጻፍ ጀምሩ፤ የጀመራችሁትን ደግሞ አንብቤ አብሬያችሁ ለማረም ዝግጁ ነኝ።