የጫሞ አዞዎች፦ ጎጆ እንቁጠር ወይስ እንቁላል?

በአርባ ምንጭ ስለ አዞ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ጥርሱን ነው። እኔን ለመመረቂያ ጥናቴ የሳበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ እናቲቱ በጫሞ ዳርቻ እንቁላሏን የምትቀብርበትን ስፍራ ትመርጣለች ወይስ ባገኘችው አሸዋ ላይ ትጥላለች?

ጥያቄው ከባሕርይ ጥናት ያለፈ ፋይዳ አለው። የናይል አዞ ጾታ የሚወሰነው በጎጆው ሙቀት ነው። ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ወንዶች ይበዛሉ፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲግል ሴቶች ያመዝናሉ። ስለዚህ የዳርቻው ዛፍ ሲመነጠር የመጪው ትውልድ የጾታ ሚዛን አብሮ ሊናጋ ይችላል።

መላምታችን «እናት አዞ ጥላ ትመርጣለች» የሚል ይሁን። ለስሌት ያህል የዳርቻው ግማሽ ጥላ ያለበት ነው እንበል፤ ከተገኙት 10 ጎጆዎች 8ቱ በጥላው በኩል ይሁኑ፤ በእያንዳንዱም 40 እንቁላል ይኑር። እንቁላል የሚቆጥር ተመራማሪ «ከ400 ናሙና 320ው በጥላ ነው» ይላል፤ ይህም በአጋጣሚ ሊሆን የማይችል ይመስላል። ነገር ግን 40ውን እንቁላል የጣለችው አንዲት እናት ናት፤ ውሳኔዋ አንድ እንደ ሆነ ምስክርነቱም አንድ ነው። ጎጆ ስንቆጥር፣ ከ10 ጎጆዎች 8 ወይም ከዚያ በላይ በአጋጣሚ በጥላ የመገኘታቸው ዕድል 56 ከ1024፣ ማለትም 5.5 በመቶ ገደማ ነው። የተለመደውን የ5 በመቶ መስፈርት አያሟላም። በጥላ ያሉት 9 ቢሆኑ ግን ዕድሉ ወደ 1.1 በመቶ ይወርዳል።

ይህም ቢሆን «ግማሽ» ባልነው ግምት ላይ የቆመ ነው። ለመቆፈር ከሚመች አሸዋ 70 በመቶው ጥላ ያለበት ከሆነ፣ 9 ወይም ከዚያ በላይ የመገኘት ዕድል ወደ 15 በመቶ ያሻቅባል። ጎጆዎቹ ያው ናቸው፤ ማስረጃነታቸው ግን ከእጃችን ያመልጣል። ስለዚህ ጎጆ የሌለበትን ዳርቻ መለካት ጎጆ ያለበትን ከመለካት እኩል ይገባል።

በጥናት ዕቅዴ ጎጆን የናሙና መለኪያ አድርጌአለሁ። ቁጥሩ ትንሽ በመሆኑ ከገምጋሚዎች ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለጀልባና ለነዳጅ የሚወጣውም ብዙ ነው። ሆኖም በእንቁላል ብዛት የተጋነነ ውጤት ነገ የጥበቃ ምክር ይሆናል፤ በዚያ ምክር መሠረት ዳርቻውን እንዲለቅ የሚጠየቀው ደግሞ በሐይቁ የሚተዳደረው ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ነው። እርሱን የምንጠይቅበት ማስረጃ ቢያንስ በትክክል የተቆጠረ ሊሆን ይገባል።