ዜናው አንድ፣ አንባቢው ሁለት

እ.ኤ.አ. በ1872 የተመሠረተው «ፖፑላር ሳይንስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2013 በድረ ገጹ ላይ የአንባቢዎችን አስተያየት መቀበል አቆመ። ከምክንያቶቹ አንዱ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1,183 አሜሪካውያን ላይ ያደረጉት ጥናት ነበር። ሁሉም ስለ አንድ አዲስ ቴክኖሎጂ ያነበቡት ጽሑፍ አንድ ነው፤ ከሥሩ የሰፈረው አስተያየት ግን ለከፊሎቹ ጨዋ፣ ለከፊሎቹ ስድብ ያለበት ነበር። ስድቡን ካነበቡት መካከል፣ ቀድሞም ቴክኖሎጂውን የሚደግፉትና የሚጠራጠሩት ስለ አደጋው ያላቸው አመለካከት ይበልጥ ተራራቀ።

ይህን ያነሣሁት አንድ ወጣት ከትምህርት በኋላ «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቀበል ክርስቲያን ዴሞክራት ነው ማለት ነው?» ብሎ ስለ ጠየቀኝ ነው። ጥያቄው ከአሜሪካ ፖለቲካ በስልኩ በኩል የመጣ ነው። እዚያ ብዙዎች «እውነት ነው ወይ?» ከማለታቸው በፊት «የየትኛው ፓርቲ ነው?» ይላሉ።

ያዕቆብ ስለ አንደበት የጻፈውን ስናነብ የምናስበው ስለ ተሰዳቢው ነው። ጥናቱ ግን ስድብ ዳር ቆሞ የሚያነበውንም እንደሚነካ አሳየኝ። ደግሞም መጽሔቱ በሩን ሲዘጋ በጨዋነት የሚጠይቀውም አብሮ ውጭ ቀርቷል። ስለዚህ ወጣቱን «ይህን ተወው» አላልኩትም። «መጀመሪያ ማስረጃውን አብረን እንይ» አልኩት። የእውነት አምላክ ልጆች ነንና መመርመር አያስፈራንም።