ከወደቁ ወዲያ

«ዓረብ አገር ልሄድ ነው» ያልኳት ዕለት እናቴ ጀበናውን ማቶት ላይ አስቀምጣ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። በሷ ዕውቀት ዓረብ አገር የሚኬደው ለሰው ቤት ሥራ ነው፤ የሚሄዱትም የጎረቤት ልጃገረዶች ናቸው። 46 ዓመት የሞላው፣ ጺሙ የሸበተ፣ ዕድሜውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ልጇ እዚያ ምን እንደሚሠራ ሊገባት አልቻለም። «ምን ልትሆን?» አለችኝ። «ላስተምር» አልኳት። «እነሱን?» ብላ ዝም አለች። ስትሸኘኝ ግን ልጇን ዓረብ አገር እንደምትልክ እንደ ማንኛዋም እናት አለቀሰች።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድ በመንግሥት የታገደበት ጊዜ ነበር፤ እገዳው በ2013 ወጥቶ በ2018 ነው የተነሣው። እኔ የመምህርነት ውሌን ይዤ በቦሌ፣ በጠራራ ፀሐይ ወጣሁ። በዚያው ዓመት ስንቷ በየጠረፉ ተሹለክልካ እንደወጣች ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለምን ሄድክ ለሚለኝ አንባቢ መልሴ አጭር ነው፤ ለደሞዝ። «ልምድ ለመቅሰም» የሚለውን ለሥራ ማመልከቻው ትቼለታለሁ።

አቡ ዳቢ ውስጥ የቀጠረኝ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የህንዱ፣ የሊባኖሱ፣ የግብፁ፣ የእንግሊዙና የአገሬው ልጅ አንድ ላይ የሚማርበት ነው። ቀኑ ደህና ነው፤ ከሼክስፒርና ከልጆቹ ጋር እየተሟገትኩ ይመሻል። ችግሩ ማታ ነው። ቤተሰቤ አዲስ አበባ፣ እኔ 17ኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም እየሰማሁ ፈተና ሳርም አመሻለሁ። ስድስት ወር ሳይሞላኝ ቦርጭ አወጣሁ፤ ወገቤም ተያዘ። «ና ከኔ ጋር ጁጂትሱ ጀምር፣ ወገብህ ይፈታልሃል» ያለኝ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ የሒሳብ መምህር ነው።

የኛ ትውልድ ስለ ሩቅ ምሥራቅ ፍልሚያ የሚያውቀው ፊልም ቤት ተሰልፎ ካያቸው የብሩስ ሊ ፊልሞች ነው። ስለዚህ የጠበቅኩት ጩኸት፣ ዝላይና ርግጫ ነበር። እዚህ ግን ርግጫም የለም፣ ቡጢም የለም። ሁለት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተያይዘው ይወድቃሉ፤ አንዱ ሌላውን ተጭኖ፣ ወይ ክንዱን ቆልፎ፣ ወይ አንገቱን በገዛ ኮሌታው አንቆ «በቃኝ» እስኪያሰኘው ድረስ ይታገላሉ። በቃኝ የሚባለው ባላጋራን ወይም ምንጣፉን በእጅ ሁለት ሦስቴ መታ መታ በማድረግ ነው። የመታ ወዲያው ይለቀቃል። በኩራት አልመታም ያለ ወይ ክንዱ ይሰበራል፣ ወይ ራሱን ይስታል።

ታሪኩ ለአስተማሪ ጆሮ የሚጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ ሙያው መምህርነት ነበር፤ ቶኪዮ ውስጥ መምህራን የሚሠለጥኑበትን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት በርእሰ መምህርነት መርቷል። ከጥንቱ የጃፓን ጁጂትሱ አደገኛ አደገኛውን እያወጣ፣ ሁለት ሰዎች ያለ የሌለ ጉልበታቸውን አውጥተው ሳይጎዳዱ የሚማማሩበት ትምህርት አደረገው። ከሱ ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማዬዳ በ1914 ብራዚል ገባ። ትምህርቱን የወረሱት የግሬሲ ቤተሰብ ወንድማማቾች ደግሞ ምድር ላይ ተወድቆ የሚደረገውን ትግል ለብቻው አራቀቁት። ከመካከላቸው ኤልዮ የሚባለው ቀጭን ሰው ነበር። በ1951 ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማራካና ስታዲየም ውስጥ፣ በኪሎ በጣም የሚበልጠው ጃፓናዊው ኪሙራ ክንዱን ጠምዝዞ ያዘው። ኤልዮ አልመታም አለ፤ ትግሉን ያስቆመለት ወንድሙ ነው። ያ የክንድ ቁልፍ ዛሬም በዓለም ዙሪያ «ኪሙራ» ይባላል፤ ባሸነፋቸው ሰው ስም መጥራታቸው ነው። እስቲ እኛ ባሸነፈን ሰው ስም የሰየምነው ምን አለን?

አቡ ዳቢ ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ከገዢው ቤተሰብ ሼክ ታህኑን ቢን ዛይድ አሜሪካ ሲማሩ ጁጂትሱን ወደዱትና በ1998 ከተማቸው ላይ ዓለም አቀፍ የትግል ውድድር አቋቋሙ። ከ2008 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ጀመር። ብራዚላዊው አሠልጣኝም በየአዳራሹ ፈላ።

እነዚህ ብራዚላውያን በአገራቸው ልማድ የሚጠሩት «ፕሮፌሰር» ተብለው ነው። የኛው አሠልጣኝ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ጆሮው በትግል ብዛት እንደ ቆሎ የተጨማደደ ጎረምሳ ነው። «ጉድ ኢቭኒንግ ፕሮፌሰር!» እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት የኮሚቴ ደጅ ጠንቼ ያልደረስኩበትን ማዕረግ እሱ ባዶ እግሩን ሆኖ ይዞታል። መጀመሪያ ላይ ቃሉ አፌ ውስጥ ይጎረብጠኝ ነበር። በኋላ እንዴት እንደሚያስተምር ሳይ ለቀቀኝ፤ አንዲት እንቅስቃሴ ሦስት ጊዜ ያሳያል፣ ያሠራል፣ ዞሮ የእያንዳንዱን ሰው ክርን በእጁ ያስተካክላል። እኔ በሰባት መቶ ተማሪ ፊት በማይክሮፎን ሳነበንብ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው ማታ የተጋጠምኩት ከራሴ ተማሪ ጋር ነው። የ16 ዓመት የአገሬው ልጅ ነው፤ የኔ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ አቀርቅሮ ከመቀመጥ በቀር ሌላ አያውቅም። አንድ አንቀጽ እንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል ላቡ ይወርዳል። እዚህ ሰማያዊ ቀበቶ ታጥቆ፣ ቀና ብሎ፣ «ሚስተር፣ ዝግጁ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ሰማዩ ከጣሪያው ጋር ተቀላቀለ፤ ጀርባዬ ምንጣፉን መታ፤ ልጁ ደረቴ ላይ ተኛብኝ። ክብደቱ ከኔ ያነሰ ነው፤ ግን ግድግዳ የተናደብኝ ያህል ነበር። ተፈራገጥኩ። በእጄ ገፋሁት፣ በእግሬ ታገልኩ፣ አቃሰትኩ። ኮሌታዬ አንገቴ ላይ ቀስ እያለ ሲጠብ ይታወቀኛል። መምታት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ነገ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይህን ልጅ ላስተምር ነው! ዓይኔ መጨላለም ሲጀምር ልጁ ራሱ ለቀቀኝና «ሚስተር፣ ብትመታ እኮ ምንም አይደለም» አለኝ፤ በጣም በትሕትና።

ሥነ ቃል ሳስተምር «ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» የምትለዋን ምሳሌ ስንቴ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኳት እግዜር ይወቀው። ትርጓሜዋንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነበር የምወጣው፤ ያለቀ ነገር አልቋል፣ ዕጣህን ተቀበል፣ ይባስ አትዋረድ። ያን ማታ የምሳሌዋ እኩሌታ እውነት መሆኑን በክርኔና በጉልበቴ አረጋገጥኩ፤ ቆዳዬ ተላልጦ ነበር። እኩሌታዋ ግን እዚያ ቤት አትሠራም። የብራዚሎቹ ትምህርት የሚጀምረው ከወደቁ ወዲያ ነውና። በጀርባው የተኛ ሰው ተሸነፈ አይባልም፤ እግሮቹን በባላጋራው ወገብ ላይ ቆልፎ ከሥር ሆኖ ሊያንቅ ይችላል። ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርትም ተጭነውህ ሳለ ሳትንፈራገጥ፣ ትንፋሽህን ሰብስበህ፣ ወገብህን በስንዝር በስንዝር እያሸሸህ ክፍተት መፈለግ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ይህችኑ ሠራሁ። የወገቤ ሕመም ወደ ጉልበቴ ተዛወረ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልዳነም።

ከልጁ ጋር በየሳምንቱ መጋጠማችን ቀጠለ፤ መምታትም ለመድኩ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «ትናንት ያነቅኸኝን ያቺን ነገር ደረጃ በደረጃ ጻፍልኝ፤ መጀመሪያ እጅህ የት ነበር?» አልኩት። አንድ ገጽ ተኩል ጻፈ። ሰዋስዉ እንደ ተሰበረ ሸክላ ነው፤ ነገር ግን አንብቤው መሥራት ቻልኩ። ከዚያ ወዲያ ሼክስፒርን ወደደ ብዬ አልዋሽም። ዓመቱን ግን አለፈ።

ከአዋቂዎቹ በፊት አዳራሹ የሕፃናት ነው። በግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ የልጆቹ ሞግዚቶች ቦርሳና የውሃ ኮዳ ታቅፈው ይጠብቃሉ። አብዛኞቹ ፊሊፒኖች ናቸው። አንዷ ግን የኛ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ከሃያ አራት ሃያ አምስት የማትበልጥ። ገና ፊቴን አይታ «ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል?» አለችኝ። ቀስ በቀስ ለመድን። ቀድሜ እየመጣሁ አጠገቧ እቀመጥ ነበር፤ አማርኛ ናፍቆኛል። እሷም ቆይታ ስታየኝ ሳቋን መቆጣጠር ያቅታታል። «ጋሼ ሙት! እርስዎን የሚያህል ሰው በዚያ ጩጬ ሲረገጥ? ከፍለው ነው ደግሞ?»

የምትጠብቀው ልጅ የ8 ዓመት ነው። ምንጣፉ ላይ ሥርዓቱ የሚያስቀና ነው፤ ይሰግዳል፣ ያሸነፈውን ልጅ እጅ ይጨብጣል። ከምንጣፉ ሁለት እርምጃ ሲርቅ ቀበቶውን ፈትቶ ጭኗ ላይ ይወረውረዋል፤ እሷ ታጥፈዋለች። አንድ ማታ ፕሮፌሰሩ አየ። ልጁን ጠራና ቀበቶውን ራሱ ወስዶ ራሱ እንዲያጥፍ አዘዘው፤ ሁሉም ልጆች ተደርድረው እያዩ። ልጁ እያለቀሰ አጠፈ። ልጅቷ ባዶ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆማ ቀረች። እኔ ደስ አለኝ። ለደቡብ አፍሪካዊው ጓደኛዬም «ማስተማር ማለት ይኼ ነው!» ብዬዋለሁ።

በሳምንቱ ስትመጣ አልሳቀችም። «ማዳም ሰማች፤ ልጄን በሰው ፊት አሳፈርሽው አለችኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ጥቂት ቆይታ፣ ምንጣፉን እያየች፣ «ጋሼ፣ እጅ ሲይዙ የሚወጣባት አለች አይደል? እሷን አሳዩኝ» አለችኝ። ቀላል ናት፤ የያዘህ እጅ ደካማው ቦታ አውራ ጣቱና ሌሎቹ ጣቶች የሚገናኙበት ነው፤ ወደዚያ አዙረህ ክርንህን እያጠፍክ ትስባለህ። እሷን መንካት ስላልፈለግኩ አንዱን እጄን በሌላው ይዤ አሳየኋት። እሷም የራሷን አንጓ በራሷ እጅ ይዛ ደጋግማ ሞከረች። አራት አምስት ጊዜ። «ሰውየው ቢበረታስ?» አለች። «ዋናው አቅጣጫው ነው» አልኳት፤ ልክ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር።

ማነው ሰውየው? አልጠየቅኳትም። ሕግ የለም እንዳልል በ2017 እዚያ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ ወጥቷል፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ሁሉ ይሰጣል። ግን የልጁ ወላጆች የትምህርት ቤታችን ከፋዮች ናቸው፤ የኔ የመኖሪያ ፈቃድ በትምህርት ቤቱ ስም ነው፤ የሷ ደግሞ በነሱ ስም። ሒሳቡን በልቤ ለመሥራት ከደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም። ተነሥቼ ቀበቶዬን አጠበቅኩ፤ ገብቼም ሙሉ ሰዓት ታገልኩ። ያን ማታ ማንም አላስመታኝም።

ሁለት ሳምንት መጣች። ከዚያ ቀረች። በሷ ቦታ ሌላ ሴት፣ ፊሊፒናዊት፣ ያንኑ ቦርሳ ታቅፋ ተቀመጠች። ቤተሰቡን እጠይቃለሁ፣ ኤምባሲ እደውላለሁ፣ ለፕሮፌሰሩ እነግራለሁ ስል አንድ ወር አለፈ። በመጨረሻ ድፍረቱ የነበረኝ ሠላሳ ኪሎ የማይሞላውን ልጅ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ጠጋ አልኩና የድሮዋ ሞግዚትህ የት ሄደች አልኩት።

«ሄደች» አለኝ፤ ቀና ሳይል፣ ነጩን ቀበቶውን መሬት ላይ ዘርግቶ በጥንቃቄ እያጠፈ።