ነጩ ዩኒፎርም እስኪመጣ

ከሁሉ በፊት ልናዘዝ። ይህን ፊልም ከአሥር ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፤ መጨረሻው ላይም ባየሁት ቁጥር አልቅሻለሁ። ጋዜጠኝነት ለተማረች፣ ስለ ፊልም ሂስ ኮርስ ወስዳ «ኤ» ላመጣች ልጅ ያሳፍራል። ግን ምን ላድርግ? ሪቻርድ ጊር ነጭ ዩኒፎርሙን ለብሶ ፋብሪካው ውስጥ ብቅ ሲል ኮርሱም «ኤ»ውም ይጠፉብኛል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «አን ኦፊሰር ኤንድ ኤ ጀንትልማን» ነው። እኛ ቤት ግን «የነጩ ዩኒፎርም ፊልም» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣችለት አክስቴ እቴቴ ናት። እሷ በወጣትነቷ ካሴት ተከራይታ ነው ያየችው፤ ለእኔ ያወረሰችኝ ደግሞ በዲቪዲ ነው።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ዛክ ማዮ እናቱ ራሷን ካጠፋች በኋላ ፊሊፒንስ ውስጥ ሰካራም መርከበኛ አባቱ ዘንድ እንደ ነገሩ ያደገ ልጅ ነው። የባሕር ኃይል አብራሪ ለመሆን አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ወዳለ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ይገባል። ሥልጠናው 13 ሳምንት ነው። እዚያ የሚጠብቀው ሳጅን ፎሊ ነው፤ ሥራው ደካማውን ለይቶ ማባረር።

ማዮ ተንኮለኛ ነው። የተወለወለ ጫማና ቀበቶ ደብቆ ለጓደኞቹ ይሸጣል። ፎሊ ይደርስበትና ቅዳሜና እሁዱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ይቀጣዋል፤ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ በልና ገላግለን» ይለዋል። ልጁ ሁሉን ይችላል። በመጨረሻ ግን ሌላ መሄጃ እንደሌለው እየጮኸ ይፈርሳል። ያን ጊዜ ነው ፎሊም እኛም ማን እንደሆነ የምናውቀው። ከዚያ በኋላ ያው ራስ ወዳድ ልጅ የመሰናክል ሩጫውን ሪከርድ ሊሰብር ሲል ዞሮ ይመለሳል፤ ግድግዳው ላይ መውጣት ያቃታትን የኮርስ ጓደኛውን እያበረታታ ያሻግራታል።

ፎሊን የተጫወተው ሉዊስ ጎሴት ጁኒየር በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1983 ኦስካር ወስዷል፤ በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በ87 ዓመቱ አረፈ። ዜናውን ያነበብኩ ቀን ለእቴቴ ደውዬ «ፎሊ ሞተ» አልኳት። «ውይ! ያ ቆፍጣና?» ብላ የዘመድ ያህል አዘነች።

አሁን ወደ ሴቶቹ። ፓውላና ሊኔት እዚያው አካባቢ ወረቀት ፋብሪካ የሚሠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ዕጩ መኮንኖቹ በየጊዜው ይመጣሉ፣ ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ። የፋብሪካው ልጆች ደግሞ ይቀራሉ። የፓውላ የራሷ አባት እንኳ እናቷን ሳያገባ የሄደ ዕጩ መኮንን ነበር። ሊኔት ላለመቅረት ቆርጣለች። የማዮን ጓደኛ ሲድን አርግዣለሁ ትለዋለች። ምስኪኑ ሥልጠናውን ትቶ ቀለበት ገዝቶ ሲመጣ ግን ፊት ትነሳዋለች፤ የምትፈልገው አብራሪ ነዋ! ሲድ ሞቴል ገብቶ ራሱን ይሰቅላል። ፓውላ ይወዳታል አይወዳትም ሳታውቅ እንኳ ማዮን በእንዲህ ዓይነት ወጥመድ አትይዘውም።

መጨረሻውን ዓለም ያውቀዋል። ማዮ ተመርቆ፣ ነጩን ለብሶ ፋብሪካው ይገባና ፓውላን ከማሽኗ ላይ ተሸክሟት ይወጣል፤ እሷም ኮፍያውን ነጥቃ ታደርጋለች። ጊር ራሱ ይህን መጨረሻ ሲበዛ ስሜታዊ ነው ብሎ ተቃውሞት እንደነበር ይነገራል። እኔ ደግሞ መሐረቤን አዘጋጃለሁ።

ባለፈው ወር እቴቴ ቤት አድሬ አብረን አየነው። እንደ ልማዳችን ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠየቅኳት።

«እቴቴ፣ አንቺ ግን ለማን ነው የምታለቅሺው?»

«ለዚያች ለምታጨበጭበዋ።»

«ለሊኔት?! ያቺ ክፉ?»

«ክፉ ናት፣ አዎ። ግን ልጄ፣ እነሱ ከወጡ በኋላ ማሽኑ አይነሳም እንዴ? ፈረቃው እኮ አላለቀም።»

ዝም አልኩ። እውነት ነው፣ ፓውላ ተሸክመዋት ስትወጣ «ጎበዝ» እያለች የምትጮኸው ሊኔት ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ካሜራው ወደሚሄድበት ነበር የማየው እንጂ የቀረችውን ዞሬ አላየሁም።

እቴቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንደሠራች አውቃለሁ። ያላወቅኩት ሌላውን ነበር። አንድ ሰው አሜሪካ ሄዶ «እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። «ዛሬ ነገ እሄዳለሁ ብዬ ሦስት ዓመት የማታ ትምህርት ሳልመዘገብ ቀረሁ» አለችኝ። «ክፉ ሰው አልነበረም። አልመጣም፣ በቃ። የጓደኛዬ ግን መጣ። እልል ብለን ሸኘናትና ወደየማሽናችን ተመለስን።» በአራተኛው ዓመት ተመዘገበች። ጡረታ የወጣችው በሒሳብ ሠራተኝነት ነው።

ይህን ስትነግረኝ ጉዴን ታውቅ ነበር? አላውቅም። እኔም የምጠብቀው ሰው አለኝ። የእጮኛ ቪዛ ሒደት ላይ ነን፤ «ሒደት» የሚለውን ቃል ከስሜ በላይ ሰምቼዋለሁ። እሱ ደግ ነው፣ በየቀኑ ይደውላል። ግን ሐዋሳ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ የዜና አዘጋጅነት ሥራ ሰጥቶኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ አልሰጠሁም ነበር። ምክንያቴ? «ቀጠሮው ድንገት ቢመጣስ?» የአራት ዓመት ትምህርቴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ በር ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነው።

ፍቅርን መጠበቅ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። ፓውላም ወድዳለች፣ ተጎድታለችም። ግን ማዮን የሠራው ያ ነጭ ልብስ አይደለም፤ ጭቃው ነው፣ ግድግዳው ነው። እሱ ማዶውን ያየው ራሱ ወጥቶ ነው። እኔ መሸከሙን ብቻ ስመኝ መውጣቱን ረሳሁት።

በነጋታው ለጣቢያው «እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ለእሱ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ሐዋሳ ኔትወርክ አለ አይደል?» አለኝ። አለ።

ነጭ ለብሶ የመጣ ቀን ስቱዲዮው ድረስ ይምጣ፤ ደስ ይለኛል። ፈረቃዬ እስኪያልቅ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።